እሳት ልጫር

እናቴ የጎረቤት እሳት እየጫረች ያደገች ሰው ናት። ክብሪት ብርቅ በነበረበት መንደር ምድጃው የጠፋበት ሰው ገል ይዞ ይሄዳል፣ ፍም ይሰጡታል፣ ሳይከስምበት እየሮጠ ይመለሳል። የሰጪው እሳት ምንም አይጎድልበትም። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ዋይፋይ ሳስገባ ያለ ፓስወርድ የተውኩት በዚሁ ሒሳብ ነው።

አጋርም ነበረኝ። ብሩስ ሽናየር የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒውተር ደኅንነት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2008 የቤቱን ዋይፋይ ክፍት እንደሚተው ጽፏል፤ ለሱ ነገሩ እንግዳ የማክበር ጉዳይ ነው። ቁልፍ ሠሪው በሩን ካልዘጋ እኔ ማን ነኝ? (ሰውየው ኮምፒውተሮቹን ለብቻቸው አጥብቆ እንደሚጠብቅም ጽፏል። እሷን መስመር ዘልያት ነበር።)

በሳምንቱ ደረጃው ላይ ጎረምሶች ተኮለኮሉ። ደግነቴ ሰው ሰበሰበ ብዬ ደስ አለኝ። የሚያመሰግነኝ ግን ጠፋ። ለካ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም! ምስጋናው ትንሽ አማረኝና የኔትወርኩን ስም «የ23 ቁጥር ቤት በረከት» አልኩት።

በማግስቱ በሬ ተንኳኳ። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ናቸው።

«ልጄ፣ ዋይፋያችን ምን ነካው? የቱርኩ ፊልም እኮ መሐል ላይ እየቆመ አስቸገረኝ።»

ዋይፋያችን!

ማታ ራውተሩ ውስጥ ገብቼ ብቆጥር የኔን ስልክ ጨምሮ 20 ዕቃ ተሰክቷል። የምከፍለው ለ4 ሜጋ ቢት ነው፤ ሲካፈል ለአንዱ 200 ኪሎ ቢት። ፍም ቢጭሩት አይጎድልም፤ ዋይፋይ ግን እንደ ክትፎ ነው፣ አንዱ በጎረሰ ቁጥር የሌላው ያንሳል። ደግሞ እሳት ጫሪ ይቸኩላል እንጂ ደረጃ ላይ አራት ሰዓት አይቀመጥም።

ጀርመን ያለው ወንድሜ ሲደውል ፊቱ እየተቆራረጠ መጣ። ምክንያቱን ስነግረው ጮኸ። እዚያ አንዱ ሰውዬ ለዕረፍት ሄዶ ሳለ በቤቱ ዋይፋይ የሰው ዘፈን ኢንተርኔት ላይ ተለቀቀ። የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010፣ ካሳ አትከፍልም፣ ዋይፋይህን በሚገባ ባለመቆለፍህ ግን ተጠያቂ ነህ አለው። ሕጉን እ.ኤ.አ. በ2017 ቢያላሉትም ወንድሜ ልቡ አልላላም።

«ፓስወርድ ከሌለው እኮ በአየር ላይ የምትልከውን ዋይፋዩ አይመሰጥርልህም። ከጎንህ ያለ ሰው የትኞቹን ድረ ገጾች እንደምትከፍት ሊያይብህ ይችላል!»

ሌሊት የምከፍተውን ሳስታውስ ደነገጥኩ። (የራስ ፀጉር ማብቀያ ነው፤ ሌላ አታስቡ።) ወዲያው ልቆልፍ ተነሳሁ። ራውተሩ ከስምንት ፊደል አያንስም ቢለኝ 12345678 ብዬ ገላገልኩት።

ሁለት ቀን ሰላም ሆነ፤ ፍጥነቱ ግን ያው ነው። በሦስተኛው ቀን የእትዬ የልጅ ልጅ ብጣሽ ወረቀት ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ አያቴ ፓስወርዱን ስጠን ብላለች። ቶሎ በሉ፣ ፊልሙ ሊጀምር ነው።»

በመጨረሻ የሚቸኩል እሳት ጫሪ አገኘሁ ብዬ ልቤ ራራ። ጽፌ ሰጠሁት። አየና ፈገግ አለ።

«ይቺንማ በዚያው ማታ ነው ያገኘናት። አያቴ ግን ሳይጠየቅ ነውር ነው፣ ሂድና አስፈቅድ ብላ ላከችኝ።»