ከዋሻ ወይስ ከፀጉር ቤት?

የድንጋይ ዘመን ልብ ወለድ ሽፋን ላይ የምትቆመው ሴት ሁልጊዜ ፀጉሯን ተሠርታለች። ቆዳ ለብሳለች፣ ጦር ይዛለች፣ ከኋላዋ እሳተ ገሞራ ይጨሳል፤ ፀጉሯ ግን አሁን ከካስክ የወጣ ይመስላል። ይህን ነገር መተው አቃተኝ።

አሮጌ መጽሐፍ የምናገላብጥ ሰዎች ደግሞ ከሽፋን ማምለጫ የለንም፤ መንገድ ዳር ላስቲክ ላይ የተዘረጋ መጽሐፍ የሚያሳየው ፊቱን ነው። ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ፦ የፈለጉትን መጽሐፍ ቀድሞ ማንሳት ሞኝነት ነው። አጠገቡ ያለውን የሒሳብ አያያዝ መማሪያ አንስታችሁ በጥሞና ትገልጣላችሁ፣ ራሳችሁን ትነቀንቃላችሁ፣ ከዚያ እንደ ዋዛ «ይሄስ ስንት ነው?» ትላላችሁ። ሻጩ ግን ዓይናችሁ የት እንዳረፈ ገና ስትጠጉ አይቷል። መጽሐፉ ደህና ከሆነ «አዲስ እኮ ነው» ይላል፤ ሽፋኑ ከተገነጠለ «የድሮ ነው፣ አሁን አይገኝም»። ዋጋው ያው ነው። አንደኛው ቅጽ የት አለ ብትሉት «ሁለተኛው ይሻላል፤ ታሪኩ ያለው እዚያ ነው።»

አሜሪካዊቷን የድንጋይ ዘመን ልብ ወለድ ጸሐፊ ጂን አውልን በዚህ ምክንያት ከመካከል ጀምሬ ነው ያነበብኳት። የመጀመሪያውን ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1980 አሳትማ ስድስተኛውን ያወጣችው በ2011 ነው። ጀግናዋ አይላ ፈረስ ትገራለች፣ የዋሻ አንበሳ ታሳድጋለች፣ ድንጋይ ከድንጋይ አጋጭታ እሳት ታወጣለች፣ መድኃኒት ትቀምማለች። የቀረው የሰው ዘር ያን ጊዜ ምን ይሠራ እንደነበር እንጃ፤ ምናልባት ፀጉሯን ይሠራላት ነበር።

ሲኒማውማ ተዉት። በ1966 ፊልም ራኬል ዌልች በቆዳ ቢኪኒ ከዳይኖሰር ትሸሻለች፤ ዳይኖሰሮቹ ካለቁ 66 ሚሊዮን ዓመት ሆኗቸዋል። ሮላንድ ኤመሪክ በ2008 ፊልሙ ከ12,000 ዓመት በፊት ያሉ ማሞዞችን ለፒራሚድ ግንባታ ድንጋይ ያስጎትታል፤ የጊዛ ፒራሚዶች ዕድሜያቸው 4,500 ዓመት ገደማ ነው። ይሁን፣ ይቅር ብያለሁ። ማሞዝም እንጀራውን ይብላ።

ይቅር የማልለው በረዶውን ነው። የሰው ልጅ ታሪክ ለምን ሁሌ በረዶ ላይ ይጀምራል? አፋር ውስጥ ጎና ላይ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ የተጠረቡ ድንጋዮች ተገኝተዋል። በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። ዣን ዣክ አኖ በ1981 እሳት ስለሚፈልጉ ሰዎች ፊልም ሲሠራ ኬንያ ድረስ መጥቶ ቀርጿል፤ ታሪኩ ግን የአውሮፓ ነው። ሜዳው ከዚህ፣ ተጫዋቹ ከዚያ! እኛስ ብንሆን? አጥንቱን ሙዚየም አስገብተን «የሰው ዘር መገኛ» እያልን ለቱሪስት እንፎክራለን፤ ታሪኩን የሚጽፈው ማን ሊሆን ነው? አንድ ሜትር በምታህል ቁመት፣ በሁለት እግር፣ አውሬ በሞላበት አገር መኖር አንድ ቅጽ አይሞላም? ተመራማሪዎች ዛሬም ከዛፍ ወድቃ ነው የሞተችው፣ አይደለም እያሉ ይከራከራሉ። የወንጀል ልብ ወለድ ጸሐፊ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ እኛ ብንጽፈው ምን እንደምናደርጋት አውቃለሁ። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሽማግሌ እንልክባታለን፣ አራተኛው ላይ ቡና ታፈላለች፣ አምስተኛው ላይ አማቷ ትመጣለች። ከዚያስ ማሞዙ አይሻልም?

ዊሊያም ጎልዲንግ በ1955 ያሳተመው አንድ ልብ ወለድ አለ፤ ታሪኩን በአብዛኛው በኒያንደርታሎቹ ዓይን ነው የሚያየው። ሻጩን ጠየቅኩት። «ጎልዲንግ? እሱማ ሞልቷል» ብሎ ያንኑ ደሴት ላይ ስለቀሩት ልጆች የተጻፈውን አወጣልኝ። ይሄ አይደለም አልኩት። ትንሽ አሰበና ቅዳሜ ና አለኝ። የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ አልነገረኝም።