የአሜሪካ መንገድ በአክስቴ ስሌት

ቦሌ ሊሸኝ የመጣ ዘመድ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው፤ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ስለ ኪሎ ሜትሩ የሚጨነቅ የለም። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ዳለስ በአየር ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው ብትሉት፣ «እሺ፣ ስንት ሰዓት?» ይላችኋል። ችግሩ መልሱ አንድ አለመሆኑ ነው።

መሄጃው ወደ 17 ሰዓት፣ መመለሻው ወደ 13 ሰዓት ይወስዳል። ጥፋቱ በከፊል የአዲስ አበባ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። እዚህ አየሩ ስለሚሳሳ ክንፉ የሚደገፍበት፣ ሞተሩም የሚስበው ያንሰዋል። ስለዚህ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ሞልቶ፣ በዚያ ላይ ሕዝቡን ከነጓዙ ተሸክሞ መነሳት ለአውሮፕላኑ ይከብደዋል። ጓዙ ደግሞ የኛ ጓዝ ነው፤ በነፍስ ወከፍ 23፣ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች፣ በውስጣቸው ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ፣ «ለእገሌ አድርስልኝ» የተባለ ቅቤ። ከነዳጁና ከሽሮው አንዱ መቀነስ ነበረበት፤ ሽሮ እንደሆነ አይቀነስም። እናም በረራው ለዓመታት ደብሊን እየወረደ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል። ተሳፋሪውም ከወንበሩ ሳይነሳ በመስኮት አይቶ፣ «አውሮፓንም አውቃታለሁ» እያለ ያወራል።

ዳለስ ግን ከባሕር ወለል መቶ ሜትር እንኳ ከፍ አይልም። አውሮፕላኑ ነዳጁን ጢም አድርጎ ሞልቶ በቀጥታ ወደ ቦሌ ይመጣል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የሰማይ ነፋስም ሲሄድ ፊቱን እየመታ ያዘገየውን ሲመለስ ከኋላ እየገፋ ያፈጥነዋል።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ አስረዳሁ። እሳቸው ግን የሚያምኑት ትኬት ላይ የተጻፈውን ነው፤ ትኬት ደግሞ የሚጽፈው የየአገሩን ሰዓት ነው። በኛ ክረምት ዋሽንግተን 7 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች።

«ልጄ ከዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ተነስቶ እዚያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ገባ» አሉ ጣታቸውን እየቆጠሩ። «10 ሰዓት! ሲመጣ ደግሞ ከረፋዱ 5 ሰዓት ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ቦሌ ደረሰ። 20 ሰዓት!»

«እትዬ፣ የሰዓቱን ልዩነት ቢያስቡት እኮ የሚረዝመው መሄጃው ነው።»

«አንተ ደግሞ! ያየሁትን ቆጥሬ ነው የምነግርህ።»

ነዳጁን፣ ከፍታውን፣ ነፋሱን ደግሜ አነሳሁላቸው። አንገታቸውን እየነቀነቁ በትዕግሥት ሰሙኝና፣ ነገሩ ሁሉ የተገለጠላቸው ይመስል ጭናቸውን መታ አደረጉ።

«አሁን ገና ገባኝ! መሄጃው 10፣ መመለሻው 20 ሰዓት ከሆነማ፣ ልጆቻችን ሄደው ቢቀሩ ምን ይገርማል?»