አምስት ላይሰንስ ለሃያ ሰው እንዳይበቃ የማድረጊያ ዘዴ

በጋራ የሚሠራበት ሶፍትዌር ላይሰንስ አብዛኛውን ጊዜ ከሠራተኛው ቁጥር አንሶ ይገዛል። ሃያ ሠራተኛ ያለው የሒሳብ ክፍል ሃያውንም በአንድ ደቂቃ ሲስተም ላይ አያገኝም፤ አንዱ ባንክ ሄዷል፣ ሌላው ስብሰባ ተቀምጧል፣ ሦስተኛዋ ደረሰኝ ፍለጋ መጋዘን ወርዳለች። በሥርዓት ከተያዘ አምስት ላይሰንስ ሃያ ሰው ያሠራል። እጥረት እንግዲህ በራሱ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ተለፍቶበት የሚገኝ ነው። ልፋቱ ግን የተለየ ሙያ አይጠይቅም፤ ጥቂት ልማዶችን ሳያዛንፉ መያዝ ይበቃል።

የመጀመሪያው ልማድ የተገዛው ላይሰንስ ምን ዓይነት እንደሆነ አለማወቅ ነው። በብዛት የሚሸጡት ሦስት ናቸው፦ በሰው ስም የሚመዘገብ፣ በመሣሪያ የሚመዘገብ፣ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው እንደገባ ብቻ የሚቆጥር። ውሉ ግዥ ክፍል ፋይል ውስጥ ተቆልፎ የአይቲ ባለሙያው ሳያየው ከቀረ ሦስቱን ማደባለቅ ቀላል ነው። የዊንዶውስ ሰርቨር የሪሞት ዴስክቶፕ ላይሰንስ ለዚህ ይመቻል፤ በሰው ወይም በመሣሪያ ተብሎ ይሸጣልና። ሃያ ሰው በፈረቃ በአምስት ኮምፒውተር ለሚሠራበት ቢሮ በሰው ይገዛል፤ ሁሉም የየራሱን ላፕቶፕ ይዞ ለሚመጣበት ደግሞ በመሣሪያ። በመሣሪያ ሲሆን ሰርቨሩ መጀመሪያ የ90 ቀን ጊዜያዊ ላይሰንስ ይሰጣል፤ መሣሪያው ተመልሶ ሲመጣ ቋሚውን ያስይዘዋል። ያ ላፕቶፕ ከዚያ በኋላ ዳግም ባይታይ እንኳ የያዘው ላይሰንስ የሚለቀቀው ከ52 እስከ 89 ባለው ቀን ውስጥ ነው። ለልምምድ መጥታ በሳምንቷ የቀረች ተማሪ ሦስት ወር ሊሞላ እስኪቃረብ ድረስ የአንድ ቋሚ ሠራተኛ ቦታ ይዛ ልትቆይ ትችላለች ማለት ነው። በእጅ ማስለቀቅም አለ፤ ግን በአንድ ጊዜ ከጠቅላላው 20 በመቶውን ብቻ ነው፤ ካሉት አምስት አንዱን መሆኑ ነው።

ላይሰንሱን ጭራሽ ሳይተክሉ መጀመርም ይቻላል። ሰርቨሩ ለ120 ቀን ያለ አንዳች ጥያቄ ሰው ያስገባል። ይህ የእፎይታ ጊዜ ላይሰንስ ለመግዣ የተሰጠ ቢሆንም የተሻለው ጥቅሙ ለመርሳት ነው። ሥራውን መጋቢት 1 ቀን ያስጀመረ ቢሮ መጋቢትን፣ ሚያዝያን፣ ግንቦትንና ሰኔን እየሠራ ያሳልፍና ሐምሌ 1 ቀን፣ የበጀት ዓመቱ በተቀየረ በመጀመሪያው ጠዋት፣ በሩ ይዘጋበታል። ከዚህ የበለጠ የተመቸ ቀን አስቦ መምረጥ ይከብዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው የጋራ ዩዘር ነው። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ዩዘር መክፈት ድካም ስለሆነ «ፋይናንስ» የሚባል አንድ ዩዘር ተከፍቶ ፓስወርዱ በወረቀት ተጽፎ ኪቦርድ ሥር ይለጠፋል። እዚህ ላይ የዊንዶውስ ሰርቨር አንድ ጠባይ ያግዛል፤ ካልተቀየረ በቀር አንድ ዩዘር አንድ ሴሽን ብቻ እንዲኖረው ያደርጋል። ስለዚህ ሁለተኛው ሰው በዚያው «ፋይናንስ» ሲገባ አዲስ ገጽ አይከፈትለትም፤ የመጀመሪያዋን አስወጥቶ እሷ የከፈተችው ላይ ይቀመጣል። እሷ የደመወዝ ክፍያ ሠንጠረዥ ግማሽ ድረስ ሞልታ ነበር፤ እሱ የመጣው የአንድ አቅራቢ ቀሪ ሒሳብ ለማየት ነው። ገጹን ለማጽዳት ሲል ሴቭ ይላል። እሷ እንደገና ትገባለች፣ እሱ ይወጣል። ሁለቱም ኔትወርኩን ይረግማሉ። ከወራት በኋላ ኦዲተሩ ይህን ቁጥር ማን ቀየረው ብሎ ሲጠይቅ ሲስተሙ በታማኝነት «ፋይናንስ» ብሎ ይመልሳል። ኦዲተሩ የሰው ስም ከፈለገ ኪቦርዱን ገልብጦ ማየት ይችላል፤ እዚያም የሚያገኘው ፓስወርዱን ነው።

ከሁሉም ልማዶች ፍሬያማው ግን ሳይወጡ መሄድ ነው። በሪሞት ዴስክቶፕ መስኮት አናት ላይ ያለችውን የኤክስ ምልክት መጫንና ሎግ አውት ማድረግ ለዓይን አንድ ይመስላሉ። ሎግ አውት ሴሽኑን ይዘጋል። ኤክስ የሚዘጋው መስኮቱን ብቻ ነው፤ ሴሽኑ ሰርቨሩ ላይ ከነፕሮግራሙ፣ ከነላይሰንሱ፣ ከነከፈተው ፋይል ይቀጥላል፣ ሰርግ ላይ ጋቢውን ወንበር ላይ ጥሎ እንደወጣ እንግዳ። የተቋረጠ ሴሽን ከስንት ጊዜ በኋላ በራሱ ይዘጋ የሚለውን ሰርቨሩ ለአስተዳዳሪው ይተወዋል፤ ማንም ካልነካው መልሱ «መቼም» ነው። ስለዚህ መነካት የለበትም። ዓርብ ማታ ኤክስ ተጭኖ የተሄደ ሴሽን ሰኞ ጠዋት እንዳለ አለ። አስተዳዳሪው የገቡትን ዝርዝር ቢከፍት እያንዳንዱ ስም ትይዩ ሁኔታውንና ሳይነካ የቆየበትን ጊዜ ያነብባል፤ ከአምስቱ ሦስቱ የተቋረጡ፣ አንዱ ሁለት ቀን ከስድስት ሰዓት የተኛ፣ በትክክል እየሠራች ያለችው አንዲት ገንዘብ ያዥ ብቻ። ይህን ዝርዝር መክፈት ታዲያ የልፋቱን ሁሉ ምስጢር ስለሚያወጣ አይመከርም። ስድስተኛው ሰው ሲከለከል ሊነገረው የሚገባው «ላይሰንስ አነሰን» የሚል ነው።

የመሐንዲሶችና የካርታ ሥራ ቢሮዎች ደግሞ የራሳቸው መሣሪያ አላቸው። ብዙዎቹ ውድ ሶፍትዌሮች ላይሰንሳቸውን ፍሌክስ በሚባለው ሲስተም ከአንድ ሰርቨር ያከፋፍሉ ነበር፤ አንዳንዶቹ አሁንም እንደዚያው ናቸው። በዚህ ሲስተም ውስጥ ሥራ የፈታ ፕሮግራም ላይሰንሱን እንዲመልስ የጊዜ ገደብ ማስቀመጥ ይቻላል፤ በተለምዶ ከ15 ደቂቃ በታች አይሆንም። ገደቡን አለማስቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ የበለጠው ግን ላይሰንስ ለተወሰነ ሰው ማስያዝ ነው። ለሥራ አስኪያጁ አንድ ከተያዘ እሳቸው ሶፍትዌሩን ከፍተው ባያውቁም ሌላ ሰው አይወስደውም። ክብሩ ለእሳቸው፣ ወረፋው ለንድፍ ሠራተኛው። ለመስክ ተብሎ በላፕቶፕ ተውሶ የሚወጣውም የመመለሻው ቀን ረዝሞ ቢሞላ መልካም ነው፤ ላፕቶፑ ከመስክ ተመልሶ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥም ላይሰንሱ እስከ ቀኑ ድረስ ውጭ እንዳለ ይቆጠራል። አውቶዴስክ በ2020 እ.ኤ.አ. የጋራ ላይሰንስን ማስቀረት ሲጀምር አንዱን የጋራ በሁለት በሰው ስም በተመዘገቡ እንለውጥ ብሎ ለደንበኞቹ አቅርቦ ነበር። ልውውጡ ለቢሮው ይጠቅም ወይም ይጎዳ እንደሆነ የሚያውቀው በአንድ ላይሰንስ ስንት ሰው እንደሚፈራረቅ መዝግቦ የያዘ ብቻ ነው። መዝገብ የሌለው ቢሮ በእንዲህ ያለ ስሌት አይጨነቅም።

እነዚህ ልማዶች ሁሉ ተባብረው የሚታዩት ዓመቱ ሲዘጋ ነው። በአገራችን በብዙ ሒሳብ ክፍሎች የሚሠራበት ፒችትሪ፣ ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስሙ ሴጅ 50 የተባለው፣ ዓመት ለመዝጋትም ሆነ ባክአፕ ለመያዝ ሌላ ተጠቃሚ በድርጅቱ ፋይል ውስጥ እንዳይኖር ይፈልጋል። ሐምሌ 1ን ጁላይ 8 ብሎ በፈረንጅ ቀን እንዲቆጥር ማስተካከልን ሁሉም ተምሮታል፤ ሰው ማስወጣትን ግን ማንም አልተማረም። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ እስከ ጥቅምት 30 ጊዜ ስላለው ሥራው እስከ ጥቅምት መጨረሻ ሳምንት ይቆያል። ያን ጊዜ ዋና ሒሳብ ሹሙ ኮሪደሩ ላይ ቆመው «እባካችሁ ከፒችትሪ ውጡ!» ይላሉ። ወጥተናል ይባላል። ሲስተሙ አሁንም አንድ ሰው ውስጥ አለ ይላል። ማን? «ፋይናንስ»። ከየትኛው ኮምፒውተር እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ኤክስ ተጭኖ የተሄደው ሴሽን በየትኛውም ጠረጴዛ ላይ አይታይምና።

ለዚህ መፍትሔው ሰርቨሩን ማጥፋትና ማብራት ነው። የተንጠለጠለው ሴሽን በእርግጥ ይጠፋል፤ አንዳንዴ መዝገብ እየጻፈ ከነበረው ፋይል ጋር። ፋይሉ ሲበላሽ ወደ መጨረሻው ባክአፕ ይኬዳል፤ ባክአፕ ለመያዝም ሁሉም መውጣት ነበረበት፤ ሁሉም የወጣበት ማታ ደግሞ ኖሮ አያውቅም። የመጨረሻው ባክአፕ እንግዲህ ሶፍትዌሩን የተከለው ባለሙያ በማግስቱ የያዘው ይሆናል።

ሰርቨር ለሌለው ቢሮም ዘዴ አለ። ተራው የዊንዶውስ ኮምፒውተር በሪሞት የሚያስገባው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ሰርቨር ሳይገዙ ብዙ ሰው የሚያስገባ ክራክ ከአንድ ፍላሽ መጫንም እንደ ቁጠባ ይቆጠራል። የኮምፒውተር ፕሮግራም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብት ጥበቃ ያለው ሥራ መሆኑን ማንሳት የሥራ ሞራል ያዳክማል። ክራኩ የዊንዶውስ ማሻሻያ በተጫነ ቁጥር ሊከሽፍ ስለሚችል ማሻሻያው ይዘጋል፤ ማሻሻያው ሲዘጋ ቫይረሱ ይመቸዋል። ፍላሹ ቀድሞ ይዞት ካልመጣ ማለት ነው።

በመጨረሻ ተጨማሪ ግዥ ይጠየቃል። ደብዳቤው «ካለው የሥራ ጫና አንጻር» ብሎ ይጀምርና በአንድ ጊዜ ከፍተኛው ስንት ሰው እንደገባ ሳይገልጽ አምስት ላይሰንስ እንዲገዛ ይጠይቃል። አምስቱ ይገዛሉ፤ የሚይዟቸው አዳዲስ የተቋረጡ ሴሽኖች እስኪፈጠሩ ሁለት ሳምንት ያህል ሁሉም ሰው ደስ ብሎት ይሠራል። የእድሳት ማስታወሻው የሚላክበት ኢሜይል ሲስተሙን የተከለው ባለሙያ የግል ኢሜይል ስለሆነና እሱም ከለቀቀ ስለቆየ፣ ላይሰንሱ ማብቃቱ የሚታወቀው አንድ ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ማንም መግባት ሲያቅተው ነው። መስኮቱ ጋ ለተሰለፈው ደንበኛ «ሲስተም የለም» ይባላል።