ድሮም እንዲህ ነበረች

መኪናችንን ከጋራዥ ስንረከብ ቀድመን የምናየው ሞተሩን አይደለም፤ ወንበሩን ነው። ለእግራችን እንዲመች ወደ ፊት ያስጠጋነው ወንበር ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ መደገፊያው ጋደም ብሎ ይጠብቀናል። የውስጥ መስተዋቱ ጣሪያውን ያሳያል። ሬዲዮው ሰምተነው በማናውቀው ጣቢያ፣ እኛ በማንከፍተው ድምፅ ይጮኻል። ጣሪያው ጨርቅ ላይ፣ ልክ ከመብራቷ አጠገብ፣ ግራሶ የነካቸው አራት ጣቶች ቁልጭ ብለው ታትመዋል። ሰውየው የተሰጠው ሥራ የፊት ፍሬን ሸራ መቀየር ነበር። ጣሪያው ዘንድ ምን ሊፈልግ ሄደ?

እንጠይቃለን። ከመጠየቅ ሌላ ምን አቅም አለን? «ይህ ጭረት ከየት መጣ?» «ድሮም ነበረ ጋሼ።» «በሩ ምን ሆኖ ነው ካልተወረወረ አልዘጋ ያለው?» «ድሮም እንዲህ ነበር።» «ይህ የሚንኳኳውስ?» «እሱም ነበረ፤ ፍሬኑ ሲሠራ ፀጥ ስላለች ነው አሁን የተሰማዎት።» ጠያቂዋ ሴት ከሆነች ደግሞ መልሱ ያጥራል። «እትዬ፣ አያስቡ» ትባላለች፤ አለቀ። መኪናዋን ለዓመታት የነዳናት እኛ ነን፤ ስለ ድሮዋ የሚመሰክረው ግን ትናንት ያያት ልጅ ነው።

የእኛ የባለመኪኖች መከራ ይኸው ነው። እናውቃለን፤ ማስረጃ ግን የለንም። ክሪክ ነበረን፤ አሁን የለም። ስኮርቱ አዲስ ነበር፤ አሁን ያለው ሙልጭ ያለ ነው። ባትሪው የእኛው ይሁን የሌላ ሰው አናውቅም፤ የባትሪውን ቁጥር ጽፎ የሚይዝ ጤነኛ ሰው የት አለ? ምንጣፉ ሥር የተገኘችው የጫት ገራባ የማን እንደሆነችስ ማን ይፈርዳል?

ነዳጁስ? «ለሙከራ ወጥታ ነበር» ነው መልሱ። ሙከራ ደግ ነው፤ ፍሬኗ ሳይሞከር ትሰጠን የሚል የለም። ግን ሙከራው እስከ የት ነው? አንድ ወዳጃችን ጎማ ባላንስ ላስደርግ ብሎ ጋራዥ ያስገባት መኪና ስትመለስ፣ ከሾፌሩ ወንበር ሥር የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ የክፍያ ደረሰኝ አገኘ። ቀኑ እሑድ ነው። ጋራዡ እሑድ ዝግ ነው። ይዞት ሄደ። ኃላፊው ደረሰኙን አገላብጦ አየና፣ ፊቱ ሳይለወጥ፣ «ጋሼ፣ የጎማ ንዝረት የሚታወቀው ፍጥነት ላይ ነው፤ እዚህ መሀል ከተማ በመቶ የት እንንዳት?» አለው። አልዋሸም። ንዝረት የሚወጣው በፍጥነት ነው፤ መንገዱም እስከ 120 ያስነዳል። 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ፣ ያንኑ ያህል ተመልሶ መሞከር ጥንቃቄ ነው ብለን እንለፈው። ከኋላ ወንበር ላይ የተገኘችው አንድ እግር የሕፃን ጫማ ግን እስከ ዛሬ ማብራሪያ አላገኘችም። እሷም ለባላንስ ሳትሆን አትቀርም።

መቆየቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። «ነገ ከሰዓት ውሰዷት» እንባላለን። ነገ ከሰዓት ስንደውል መብራት ጠፍቶ ብየዳው አልተሠራም። መብራት ሲመጣ በያጁ ለቅሶ ሄዷል። በያጁ ሲመለስ ዕለቱ ሚካኤል ነው። ሚካኤል ሲያልፍ ዕቃ ጠፍቷል። ዕቃው ሲገኝ ከፊቷ የቆመችው መኪና ሞተሯ ወርዶ መንገዱን ዘግታለች፤ ባለቤቱ ገንዘብ ካላመጣ ሞተሩ አይገጠምም፤ ሞተሩ ካልተገጠመ እሷ አትነሳም፤ እሷ ካልተነሳች የእኛዋ አትወጣም። መልኩን አይተን የማናውቀው ሰው ደመወዝ እስኪወጣለት እኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ እንቆማለን። (ለሙከራ ስትወጣ ግን ከፊቷ የሚቆም የለም።)

ከመሀላችን ነቃ ያሉት «አሮጌውን ዕቃ መልሱልን» ይላሉ። ልጁ ወደ ግቢው ጥግ፣ ወደ ብረቱ ክምር ይሄድና ጎንበስ ብሎ ይመርጣል። ይመርጣል! የእኛው ከሆነ ምን ያስመርጠዋል? አንዱን ያነሳል፣ ይጥለዋል፤ ሌላውን ያነሳል፣ በእጁ መዘን ያደርገዋል፤ ከዚያ ዘይት የሚንጠባጠብ ነገር በፌስታል ቋጥሮ ያመጣልናል። ቤት ስንደርስ ጋዜጣ አንጥፈን እናየዋለን። ኩሽኔታ መሆኑን አላጣነውም። ከቪትዝ መውጣቱን ነው የተጠራጠርነው፤ በመጠኑ ከሆነ አይሱዙ መሸከም ይችላል። ቢሆንም የከፈልንበት ነውና አንጥለውም። የቤት ሰው እስኪጥለው ድረስ በረንዳ ላይ ይቀመጣል።

አዲሱን ዕቃ ማን ይግዛ የሚለው ደግሞ ለብቻው ፈተና ነው። እነሱ ከገዙት ዋጋው አይቀመስም። እኛ ከገዛነው ለሚመጣው ብልሽት ሁሉ ጥፋተኛው ተገኝቷል፤ «ያመጡት ዕቃ ነው» ይባላል፤ ዕቃው የዝናብ መጥረጊያ ቢሆን፣ የሞተሩ ሙቀትም በእሱ ይሳበባል። ሶማሌ ተራ ወርደን «አለ?» ስንል «የቱን? ኦሪጅናል አለ፣ ታይዋን አለ፣ ቻይና አለ፣ ያገለገለ ኦሪጅናልም አለ» እንባላለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ በስልክ የተነገረን ዋጋ እኛ እስክንደርስ አያቆይም። ካርቶኑ ኦሪጅናል ነው፤ ውስጡን የሚያውቀው ፈጣሪና መካኒኩ ነው።

ሒሳብ ላይ ደርሰን ደረሰኝ እንዳንል «በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ቫት አለው» ይመጣል። ስለዚህ ያለ ደረሰኝ እንከፍላለን። በሳምንቱ ስንመለስ «መቼ ሠራንልዎ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የለንም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ አደራ ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ አደራ የተቀበለ ዕቃውን ይጠብቅ ይላል። እስቲ ማን ነው የሕግ መጽሐፍ ይዞ ጋራዥ የሚገባው? መኪናዋ ክሪክ ላይ ተሰቅላ፣ አራቱም ጎማዋ ወልቆ፣ ቁልፏ በሰው ኪስ ውስጥ እያለ አንቀጽ የሚጠቅስ ጀግና አላየንም።

ሙሉ ኢንሹራንስ ያለን ደግሞ ጋራዡን እንኳ እኛ አንመርጥም። ጨረታ ይወጣል፤ በዝቅተኛ ዋጋ ያሸነፈው ይወስዳታል። በዝቅተኛ ዋጋ ያሸነፈ ሰው ኪሳራውን ከየት እንደሚያካክስ ከጠየቅን ክፉ አሳቢ እንባላለን፤ አንጠይቅም።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን የሞተር መብራቱ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በርቶብን እንወስዳታለን። «ኮምፒውተር ይያዝ» ይባላል፤ ለኮምፒውተሩ እንከፍላለን። ስንረከባት መብራቱ ጠፍቷል፤ ደስ ብሎን ጉርሻ ሁሉ እንሰጣለን። መንገድ ላይ ዓይናችን ሰዓቱ ላይ ያርፋል። ቀኑ ለምሳ ደርሷል፤ የመኪናዋ ሰዓት ግን ገና ከአንድ ሰዓት መቁጠር ጀምሯል። ያስቀመጥናቸው የሬዲዮ ጣቢያዎችም ጠፍተዋል። ያኔ ይገባናል፤ ባትሪው ተነቅሎ ተሰክቷል። ባትሪ ሲነቀል ኮምፒውተሩ ያየውን ጥፋት ይረሳል። እስኪያስታውስ ጥቂት ቀን ይወስድበታል፤ ከዚያ መብራቱ እንደገና ቦግ ይላል። ኮምፒውተሩስ ይረሳል፤ እኛ ነን አልረሳ ያለን።

ተናደን ሌላ ጋራዥ እንሄዳለን። አዲሱ መካኒክ ኮፈኑን ይከፍትና ራሱን ይነቀንቃል። ምላሱን ወደ ላንቃው እየመታ፣ በሐዘን፣ «ማን ነው እንደዚህ የተጫወተባት?» ይላል። ሁሉም እንዲህ ይላል። ከእሱ በፊት የነካት ሁሉ ጅል ነው፤ ሽቦው በቴፕ ተጠቅልሏል፣ ቡሎን ጎድሏል፣ ዘይቱ የማይሆን ዘይት ነው። አንዳንዴም እንዲህ ያለው መካኒክ ራሱ የዛሬ ዓመት የነካት ሰው ሆኖ ይገኛል። ስናስታውሰው አያፍርም፤ «ያኔ ረዳቴ ነበር የሠራት» ይለናል።

ለምን ታዲያ ትመለሳላችሁ የሚል አይጠፋም። ወዴት እንሂድ? የ2012 ዓ.ም የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደው። ጥር 2016 ዓ.ም ላይ ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ከእንግዲህ አይገባም ተባለ። ያለችንን ይዘን ቀረን፤ እሷ ደግሞ በየጊዜው ከጋራዥ አትጠፋም። ኤሌክትሪክ የገዙ ወዳጆቻችን ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ማርሚታ የለ እያሉ ሲያስቀኑን ከረሙ። አሁን እነሱም «ሶፍትዌር ነው» የሚባል መልስ መስማት ጀምረዋል። እኛስ ኩሽኔታ በፌስታል ይመለስልናል፤ ሶፍትዌር በምን ይመለሳል?

ሰሞኑን ትልልቆቹ ዘንድ እንሞክር ብለን፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ልጅ ፎርም ይዞ የሚቀበልበት ጋራዥ ገባን። ደስ አለን፤ ማስረጃ ልንይዝ ነው። ፎርሙ የመኪና ሥዕል አለው፤ ጭረት ካለ ይከበብበታል። ልጁ አንድ ጊዜ ዞራትና መኪናዋን በሙሉ በአንድ ትልቅ ክብ ውስጥ አስገባት። ፖርታባጋሊዮውን ሳይከፍት ስኮርት አለ፣ ክሪክ አለ፣ የጎማ መፍቻ አለ ብሎ ምልክት አደረገ። ስልካችንን አውጥተን ፎቶ ልናነሳ ስንል ቅር አለው፤ «ጋሼ፣ አላመኑንም ማለት ነው?» አፈርንና ስልኩን መለስነው። የቀረው የኪሎ ሜትሩ ቦታ ነበር። «በግምት 150 ሺህ» ብሎ ጻፈ። «ግምት ለምን አስፈለገ፣ ዳሽቦርዱ ላይ አለ እኮ» አልነው። ብዕሩን ኪሱ ከተተና መለሰልን፦

«ለእሱ ብለን ሞተር አናስነሳ ጋሼ፤ ነዳጅዎን ይበላል።»