ትልቁን ስጡን፣ ፊልተሩን ተዉልን

በዋሽንግተን ግዛቷ ኤቨረት ውስጥ፣ በካሲኖ ሮድም ሆነ በሌላው ሰፈር፣ የአፓርትመንት ግድግዳ ተበስቶ የሚገባውን ኤሲ ለመምረጥ ለሀበሻ ቤተሰብ የሚበቃው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ «ትልቁ የቱ ነው?» ከተገጠመ በኋላ ደግሞ ጥያቄ የሚባል ነገር የለም። በሰመር እንዲያቀዘቅዝ፣ በብርዱ ወራት እንዲያሞቅ የተቀጠረውን ይህን ማሽን የሚነካ እጅ ቢኖር ሪሞቱን የያዘው ብቻ ነው፤ ሪሞቱም ከነላስቲኩ። ለኩ፣ እጠቡ፣ ፈትሹ የሚሉ ባለሙያዎች መኖራቸው እውነት ነው። እኔ ግን ለነባሩ ልማድ ጥብቅና መቆም እፈልጋለሁ። መግዛት ክብር ነው፤ እንግዳ ያያል፣ «ያልምድላችሁ» ይላል። ፊልተር ያጠበን ሰው የመረቀ እንግዳ ግን እስከ ዛሬ አልታየም። ለማይመረቅ ሥራ ማን እጁን ያረጥባል?

ባለሙያዎቹ የሚጀምሩት ከልክ ነው። ከ150 እስከ 250 ስኩዌር ፊት ለሆነ ክፍል 6,000 ቢቲዩ ይበቃል፤ ከሁለት ሰው በላይ የሚቀመጥበት ከሆነ በእያንዳንዱ ሰው 600 ጨምሩ ይላሉ። ተከራካሪው ወገን እዚህ ላይ መልስ አያጣም፦ የፈረንጅ ሒሳብ ቡና የተፈላ ዕለት ስንት ጎረቤት እንደሚሰበሰብ አያውቅም። ይሁን፤ ስምንት ሰው እናስቀምጥ። ስድስቱ ትርፍ ሰዎች 3,600 ቢቲዩ ይጨምራሉ፣ ድምሩ 9,600 ይሆናል፤ የተገዛው «ትልቁ»፣ ባለ 12,000ው፣ አሁንም ተርፎ ይፈሳል። ጎረቤቶቹ ሲሄዱማ ጉዱ ይታያል። ከልክ በላይ የሆነ ኤሲ ክፍሉን በጥቂት ደቂቃ ያቀዘቅዝና የአየሩን እርጥበት ሳይመጥ ይቆማል፣ ወዲያው ደግሞ ይነሣል፣ ደግሞ ይቆማል። የሚተርፈው ቀዝቃዛና እርጥብ ክፍል ነው። በሐምሌ ጋቢ ተከናንቦ ኤሲ ሥር መቀመጥን ግን እንደ ጉድለት የሚያይ፣ ድሎት ያልገባው ሰው ነው።

እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ክርክሩ ይከራል። 1,500 ዋት የሚስበው የኤሌክትሪክ ምጣድ በሰዓት 5,100 ቢቲዩ ያህል ሙቀት ቤት ውስጥ ይለቃል፤ ትንሹ ኤሲ በሰዓት የሚያወጣው 5,000 ነው። ስለዚህ ሁለቱ እኩል ለእኩል ይወጣሉ፣ የመብራት ቢሉ ብቻ ያሸንፋል። አንድ መስመር ላይ ከተሰኩ ደግሞ ጨዋታው ከዚያም ያጥራል፤ ምጣዱ ብቻውን ከመስመሩ 15 አምፔር 12.5ቱን ስለሚወስድ ብሬከሩ ይወርዳል። ኤሲው የራሱ መስመር ይኑረው የሚለው ምክር ለሰነፎች ነው። ንቁው ሰው ከመኝታ ቤት ኤክስቴንሽን ይዘረጋል፤ በኤክስቴንሽን አትጠቀሙ የሚለው መመሪያም ከካርቶኑ ጋር አብሮ ስለተጣለ ኅሊናን አይቆረቁርም።

ስለ ቀዳዳው ያላቸው ግትርነትም ያስገርማል። ሆቴሎችና ብዙ አፓርትመንቶች የሚጠቀሙበት የተለመደው የብረት ማቀፊያ ወርዱ 42፣ ቁመቱ 16 ኢንች ነው፤ ከዚያ የሚለይም አለ፤ ስለዚህ ከመግዛት በፊት ሜትር አውጡ ይላሉ። የመስኮት ኤሲ በቅናሽ እያለ? የመስኮቱ ዓይነት በጎንና በጎኑ ስለሚተነፍስ፣ ግድግዳ ውስጥ ሲቀበር አየር አጥቶ ይታፈናል፤ የግድግዳው ግን የሚተነፍሰው በጀርባው ብቻ ነው። ይህን ለሚያነሣ መልሳችን አጭር ነው፦ ገባ አይደል? የቀረውን ክፍተት ፌስታልና አሮጌ ብርድ ልብስ ይሞላዋል። ማቀፊያው ወደ ውጭ በትንሹ እንዲያዘነብል የተደረገው ውሃው ወደ ደጅ እንዲፈስ ነበር፤ ቢስተካከል ግን ለዓይን ያምራል፤ ውሃውም ወደ ግድግዳው ገብቶ ቀለሙን ያሳብጠዋል፤ ይህ የአከራዩ ጉዳይ ነው።

ወደ ፊልተሩ እንምጣ። እዚህ ላይ ሀበሻ ከማንም በላይ ተጠቃሚ ነው፤ የእጣኑ ጢስና የቁሌቱ ስብ ፊልተሩን ስለሚያወፍሩት። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት የተደፈነ ፊልተር በንጹሕ ቢተካ ኤሲው የሚበላው ኤሌክትሪክ ከ5 እስከ 15 በመቶ ይቀንሳል ብሏል። የበለጠው ትርዒት ግን ከዚያ በኋላ ነው፦ አየር የተነፈገው ኮይል በረዶ ይሠራል፣ ቤተሰቡም «እንዴት ያለ ኃይለኛ ነው!» ይላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን ድሪምላይነር በነሐሴ 2012 እ.ኤ.አ. የተረከበው ከዚህችው ከኤቨረት ነው፤ ለአውሮፕላን የጥገና መዝገብ ማስፈለጉ እንዳለ ሆኖ፣ የሳሎን ማሽን ግን በጸሎት ይሠራል።

«ኤቨረት ሙቀቷ የሦስት ቀን ነው፣ ምን ያስጨንቃል?» የሚለው ሙግት ብርቱ ነው። ሰኔ 28 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. በሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ 42 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዘገበ። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ በዚያ ሰሞን ሙቀቱ 619 ሰው ገደለ፤ ከእነዚህ 98 በመቶው የሞቱት ቤት ውስጥ ነበር። ለሦስት ቀን የተባለው ማሽን እንዲሠራ የሚፈለገው በእነዚያው በሦስቱ ቀን ነው። «ብርድ ይመታናል» ለሚሉት ደግሞ የአየሩን አቅጣጫ ወደ ጣሪያ መመለስ ይበቃ ነበር፤ መጋረጃ መጣል ግን ይቀላል። ማሽኑ ከመጋረጃው ጀርባ የራሱን ቅዝቃዜ ይለካና «ቤቱ በረደ» ብሎ ይተኛል።

በብርዱ ወራት የልማዳችን ዋጋም ይታያል። ርካሹ ሞዴል በሽቦ ብቻ ያሞቃል፤ የከፈሉበትን ያህል ሙቀት ይመልሳል እንጂ አይጨምርም። ሂት ፓምፕ ከውጭው አየር ሙቀት ስለሚስብ ለዚያው ኤሌክትሪክ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሰጣል። የውጭው ብርድ ሲጠነክር ብዙዎቹ ወደ ሽቦው መመለሳቸው አይካድም፤ ኤቨረት ግን የባሕር ጠረፍ ስለሆነች የጥር ቀኗ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ዲግሪ በላይ ነው። የስኖሆሚሽ ካውንቲ መብራት በአብዛኛው ከግድብ ስለሚመጣ ርካሽ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ርካሽነቱም ሁለትና ሦስት እጥፍ እያቃጠልን እንዳናፍር ይረዳናል።

የመጨረሻው ምሽግ ሊዚንግ ኦፊሱ ነው፦ «እነሱ ያጥቡት!» የዋሽንግተን ግዛት የተከራይና አከራይ ሕግ አከራዩ ማሞቂያውንና ራሱ ያስገጠመውን ዕቃ እንዲጠግን፣ ተከራዩም የሚኖርበትን ቤት በንጽሕና እንዲይዝ ያዛል። እኛ የኦፊሱን ድርሻ፣ ኦፊሱም የእኛን ድርሻ በቃሉ ያውቃል፤ ፊልተሩም በሁለት መብት መካከል ይወፍራል። ኮምፕረሰሩ የተቃጠለ ዕለት ክርክሩ ያበቃል፤ የቻይና ዕቃ ነዋ!