ልጅን ከአብነት ጎጆ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ለሚያዛውሩ

ልጅ አለዎት እንበል። የእርስዎ ባይሆን የእህትዎ ይሆናል፤ ከጃናሞራ መጥቶ ጎንደር ከአንዱ ደብር ጓሮ በተማሪ ጎጆ የሚያድር፣ ዳዊቱን ጨርሶ ጾመ ድጓ የጀመረ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ። ዘንድሮ «የመንግሥቱንም ትምህርት ልቀጥል» ብሏል። ደስ ይላል። ደስታዎን ግን ለጊዜው በሆድዎ ይያዙት፤ ልጁም ገና ደብተር አይግዛ። አስቀድሞ ማኅደሩ መምጣት አለበት።

ማኅደሩ ለሁለት የተከፈለ ነው። ግማሹ መካነ ብርሃን አካባቢ፣ ሦስተኛ ክፍልን በጨረሰበት ትምህርት ቤት ቦክስ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ሌላው ግማሽ የኔታ ዘንድ ነው፤ በወረቀት ሳይሆን በቃላቸው። የፊተኛው ማኅተም አለው፤ እሱን ለማግኘት ግን የስሜን ተራሮችን መሻገር፣ መንገዱ መከፈቱን ማጠያየቅ፣ ርዕሰ መምህሩ ከስብሰባ እስኪመለሱም ደጅ መጥናት ያስፈልጋል። የኋለኛው ጠዋትም ማታም ይገኛል፤ ማኅተም ግን የለውም። የሚፈለገው የትኛው እንደሆነ ሳልነግርዎ ያውቁታል።

የኔታን ለማስረጃ ብለው እንዳያስቸግሯቸው አደራ። የአብነቱ አሠራር ለቢሮ አይመችም። ተማሪ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ሲሻገር አዲሱ መምህር ወረቀት አይጠይቁም፤ «እስቲ በል» ይሉታል። ልጁ ይላል። የተሰናከለበት ላይ ያስቆሙታል፤ ነገ ከዚያው ይጀምራል። አለቀ። ዜማ ቤት ቆይቶ ለአቋቋም ጎንደር በአታ ቢመጣም፣ ቅኔ ፍለጋ ጎጃም ቢወርድም ምዝገባው ይኸው ነው፤ ከአንድ ጠዋት አያልፍም። እንዲህ ያለው ልማድ መንግሥት ትምህርት ቤት ቢገባ ጉዱን ያስቡት! አንዱ መምህር ተነሥቶ ልጁን አንድ ገጽ አማርኛ አስነብቦ፣ አራት አምስት የሂሳብ ጥያቄ ሰጥቶ፣ «አምስተኛ ይግባ፤ እንግሊዝኛውን እናግዘዋለን» ሊል ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ምን ይብሉ?

ወደ ወረቀቱ እንመለስ። መሸኛውን ሲያስጽፉ ስሙ ላይ ይጠንቀቁ። ልጁን እናቱ የምትጠራው በአንድ ስም ነው፤ ደብሩ በክርስትና ስሙ ያውቀዋል፤ ጎጆ ተጋሪዎቹ «ጃናሞራ» ይሉታል። ሦስተኛ ክፍልን የተማረው አጎቱ ዘንድ ሆኖ ከሆነ ሮስተሩ ላይ በአባቱ ስም ፋንታ የአጎቱ ስም ሰፍሮ ሊያገኙት ይችላሉ። አይደንግጡ። አራቱም አንድ ልጅ መሆናቸውን የሚመሰክሩ ሦስት ሰዎች ይዘው ቀበሌ ይሂዱ፤ የምስክሮቹ መታወቂያ የታደሰ ይሁን። የልደት ምስክር ወረቀት ከተጠየቁም፣ አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. መሆኑን ለልጁ ረጋ ብለው ያስረዱት፤ ከዚያ በፊት ለመወለድ የቸኮለው እሱ ነው።

ምስጢር ደግሞ አለ። ይህኛው በተለይ ከሕፃናት ማሳደጊያ ልጅ ለሚያመጡ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷልና የልጅን ጉዳይ እንደ ዋዛ መዝራት አይገባም። በተግባር ሲተረጎም እንዲህ ነው፦ ሰሌዳው ጠርቶ እንደማይታየው፣ አስም እንዳለበት፣ አምና ታሞ የሁለት ወር ትምህርት እንደቀረበት፣ ማለትም መምህሩ ሊያውቀው የሚገባው ሁሉ ምስጢር ነውና ከማሳደጊያው መሳቢያ አይወጣም። እናቱ በምን እንደሞተች ግን ምዝገባ መስኮት ላይ፣ ከኋላው ሰልፉ እስከ በር ተዘርግቶ፣ በአደባባይ ይጠየቃል። ልጁ ጫማውን እያየ ሲመልስ አይሰማም። «ጮክ በል» ይባላል።

ተፈናቃይ ከሆነም ተስፋ አይቁረጡ። በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ከአዲ አርቃይ በኩል ያሸሻቸው ቤተሰቦች ደባርቅ መጥተው ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለው ነበር። እዚህ ላይ ደንቡን በደንብ መለየት ያስፈልጋል፤ ክፍል ውስጥ ለመተኛት መሸኛ አይጠየቅም፣ ክፍል ውስጥ ለመቀመጥ ነው የሚጠየቀው። ትምህርት ቤታቸው ተዘርፎ ወይም ተቃጥሎ መሸኛ የሚጽፍ ሰው ከጠፋም፣ «መሸኛ የሚጽፍ ሰው የለም» የሚል ደብዳቤ ከዚያው ትምህርት ቤት ማስጻፍ ነው።

ከሁሉ አብልጠው የሚጠነቀቁት ግን የክፍል ኃላፊ መምህሯና የኔታ እንዳይገናኙ ነው። ደጀ ሰላሙንና የትምህርት ቤቱን በር የሚለያያቸው አንድ ዳገት ስለሆነ አደጋው ቅርብ ነው። ከተገናኙ ያወራሉ። የኔታ፣ ልጁ ሌሊት ለዜማ ስለሚነሣ የመጀመሪያው ፔሬድ ላይ ቢያንጎላጅ ስንፍና እንዳይመስላት ይነግሯታል። እኩለ ቀን ላይ አኩፋዳውን አንግቶ ቁራሽ ለማግኘት የሚዞርበት ሰዓት ስለሆነ የከሰዓት ፈረቃ ከተመደበ ወይ ምሳውን ወይ ክፍሉን እንደሚያጣ ይነግሯታል። ባለፈው ሳምንት እግሩን ውሻ እንደያዘውና ለማንም እንዳልተናገረ ይጨምሩላታል። ሁለት ጊዜ የሰማውን እንደማይረሳ፣ እርሳስና ማስመሪያ ግን እጁ ገና እንዳልለመደም ያነሣሉ። እሷም በተራዋ ከትንንሾቹ ጋር ፊት ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንደሚያፍር፣ ዳር ላይ ብታስቀምጠው እንደሚሻል ታማክራቸዋለች። ይህ ሁሉ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይነገራል። ጉዳቱን እዩልኝ! ከተባለው አንዱም መሸኛ ላይ የሚገባበት መስመር የለውም። ቅጹ የሚጠይቀው አማካይ ውጤት፣ ደረጃና ጠባይ ነው፤ ጠባይ በሚለው ትይዩ ደግሞ ለሁሉም ልጅ «መልካም» ይጻፋል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ለዘብተኛ ሰው «የኔታ በአፋቸው ይናገሩ፣ አንድ ሰው በአንድ ገጽ ይጻፈው፣ ደብሩ ማኅተም ይምታበት፣ ወረዳውም ይቀበለው» ሊል ይችላል። አይስሙት። አንድ ገጽ ወረቀት ምን ማኅደር ይባላል? ልጅ ሲያድግ የሚያስፈራ ወፍራም ፋይል ነው የሚያስፈልገው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አሟልተው፣ መስከረም አጋማሽ ላይ ከነክላሰሩ ሲደርሱ፣ ምዝገባው ተዘግቶ ይጠብቅዎታል። አይሟገቱ። ይዘውት የመጡት መሸኛ በሚቀጥለው ዓመት «የአምና ነው» ስለሚባል፣ አዲሱን ከመካነ ብርሃን ማስጻፉን ከጥቅምት ቢጀምሩት ለነሐሴ ይደርሳል። ጉርድ ፎቶውን ግን አሁን አያስነሡት፤ ልጁ እያደገ ስለሆነ «አይመስልም» ተብለው ሊመለሱ ይችላሉ።