በቁሜ ልትቀብሩኝ ነው?

የአገሬ አባወራ ለሞቱ አልተዘጋጀም የሚል ሐሜተኛ ነው። የዕድሩን መዋጮ ወር በገባ ቁጥር ይከፍላል፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ማን ቤት እንዳለ ያውቃል፤ የሚቀበርበትን ደብር ከነገረ ቆይቷል፤ ለተዝካሩ የሚታረደው በሬ እንኳ በሐሳቡ ደልቧል። የቀረችው አንዲት ነገር ናት፦ ቤቱ ለማን ይሁን? እሷን ያነሣ ልጅ ወዮለት! «በቁሜ ልትቀብሩኝ ነው?»

እኔ ከአባወራው ጎን ነኝ። ኑዛዜ መጻፍ ሞትን መጥራት ለመሆኑ ምን ማስረጃ ያሻል? ያልጻፉት ሁሉ እስከ ዛሬ በሕይወት አሉ እኮ።

ደግሞስ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነገሩን እንዲህ አቅልሎ ወግ ያሳጣው ለምንድን ነው? ሰው ሙሉውን በገዛ እጁ ጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጾ፣ ቀን አኑሮ ከፈረመ ምስክር እንኳ አያስፈልገውም። ሌላ ሰው ከጻፈለት በራሱና በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃሉ። በቃ! ይሄ ለጋሼ አይመጥንም። ጋሼ የሚወዱት የቃሉን ነው።

የቃሉማ ምን ይወጣለታል! ሌሊት ነው፤ ቤተ ዘመድ አልጋውን ከቧል፤ የንስሐ አባት መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ጋሼ ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አድርገው «ቤቱ ለታናሺቱ ይሁን፤ እሷ ናት ያስታመመችኝ» ይላሉ። ሁሉም ይሰማል፤ ሁሉም ያለቅሳል፤ አንዳንዱም ይምላል። ሕጉ ግን የሚያለቅስ ዓይን የለውም። የቃል ኑዛዜ የሚሠራው ለቀብር ሥርዓት፣ አካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚትነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። በ1952 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ቁርጥ ቤት አንድ ኪሎ ሥጋ አያወጣም። ስለዚህ ስታገላብጥ፣ ስታጥብ የከረመችው ታናሺቱ ለቀብር እንኳ ካልደረሰው ወንድሟ እኩል ትወርሳለች። የወንድምዬው ውክልናም ከዋሽንግተን በኤምባሲ ተረጋግጦ ይመጣል፤ አንድ ቃል ጎድሎበት ይመለሳል፤ እንደገና ይመጣል።

እትዬስ? ባል ሳይናዘዝ ቢሞት ሚስት ከጋራው ሀብት ግማሹን በራሷ ድርሻነት ትይዛለች እንጂ ከወራሾች ተራ አትቆጠርም። ሳሎኑ የእሷ፣ መኝታ ቤቱ የልጆቿ ሆነ ማለት ነው፤ ልጆቹም ከጨከኑ በገዛ መኝታ ቤቷ ኪራይ ይጠይቋታል። ቤቱ ከጋብቻው በፊት የተሠራ የግል ሀብቱ ከሆነማ ሳሎኑም የለ።

ገና ድንኳኑ ሳይነቀል ደግሞ ከበር በኩል አንድ ጎልማሳ ይገባል። ማንም አያውቀውም፤ አፍንጫው ግን ቁርጥ የጋሼ ነው። ሕጉ ከጋብቻ ውጭ የተወለደውንም ልጅ እኩል ያወርሳል፤ ማስረዳት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ጋሼ ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ያሉት ለቤተሰቡ ሰላም ብለው ነበር። ሰላሙ ይኸው!

የጋሼን ቸርነት የሚያውቁት ሌሎች ናቸው። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው፣ ጠበቃው፣ ውርስ አጣሪው፣ ቤቱን የሚገምተው መሐንዲስ፣ ካርታውን አስቀድሞ ያየው ደላላ፤ ስንቱ እንጀራ በላባቸው! ፎቶ ኮፒ ቤቱም አልተረሳ። ቤቱ በዓይነት አልከፈል ሲል በሐራጅ ይሸጣል፤ ልጆቹም በፋሲካ እንኳ መጠያየቅ ይተዋሉ። ጋሼ በዓመት በዓል አንድ ማዕድ ላይ ካልሰበሰቧቸው እንጀራ የማይወርድላቸው ልጆች ናቸው እነዚህ።

እና ጋሼ፣ አይጻፉ። ድንገት ሰይጣን አሳስቶዎት በእጅዎ ቢጽፉም አንሶላ ሥር ይደብቁት፤ በ7 ዓመት ውስጥ ለውል አዋዋይ ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተሰጠ ራሱ ይፈርሳል። ቢያስቀምጡትም ሐሳብዎን በቀየሩ ቀን መሻር ይችላሉ፤ ማንም ዛሬውኑ ቤቱን አይወስድብዎትም። ይኸው ስለ ኑዛዜ ይህን ሁሉ አንብበው አልሞቱም። እንግዲያው እስክሪብቶውን ወዲህ ይበሉት።